ያፌት እንዲያለቅስ ማን ይፍቀድ

አንድ ሕፃን እንዲያለቅስ ለመፍቀድ ስንት ሰው መፈረም አለበት? ይህን ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። የሚስቁ አሉ፣ ዝም የሚሉ አሉ። እኔም እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። የሆነውን ግን እንደ ተረት አድርጌ ልንገራችሁ። ተረት አይደለም፤ እንደ ተረት ካልያዙት ግን ከእጅ ያመልጣል፤ እየሄደ ይረዝማል።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ከያፌት ነው። ያፌት ገና አልዳኸም። በቀኝ ብሽሽቱ ላይ እብጠት አለ። ዝም ሲል ይገባል፤ ሲያለቅስ ሎሚ አክሎ ይወጣል። ሆስፒታል ወሰድኩት። በከተማችን ያሉት ቀዶ ሐኪም አንድ ብቻ ናቸው፤ ዶክተር ትርሲት ይባላሉ። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉትና፣

"አንጀት ነው፤ በቀዳዳ እየሾለከ ነው። ትንሽ ኦፕራሲዮን ይበቃዋል" አሉኝ። "እስከዚያ ግን አታስለቅሺው። ወጥቶ አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረ፣ በየትኛውም ሰዓት ይዘሽው ሩጪ። እሱ ይገድላል።"

"እሺ" አልኩ።

ሕፃን አታስለቅሺ ማለት ሰማዩን አታዝንቢ ማለት እንደሆነ የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። ባሌ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል፤ ቤት ውስጥ እኔና ያፌት ብቻ ነን። አፉን ገና ሲያጣምም ጡት እሰጠዋለሁ። ጡት ሲሰለቸው አዝለዋለሁ። መታዘል ሲሰለቸው ድስት በማንኪያ እየመታሁ እዘፍንለታለሁ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው፣ "ይኼን ልጅ ለንግሥና ነው እንዴ የምታሳድጊው?" አሉኝ። "ለኦፕራሲዮን ነው" አልኳቸው።

ሌላ እናት ልጇ እንዲስቅላት ትመኛለች። የኔ ምኞት ከዚያም ያነሰች ነበረች፤ ልጄ እንደ ልቡ እንዲያለቅስ።

በቀጠሮዬ ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ሳነበው፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ኦፕራሲዮን ለጊዜው ቆሟል ይላል። ዶክተር ትርሲትን ወረቀት ታቅፈው በኮሪደሩ ሲሮጡ አገኘኋቸው።

"ዶክተር፣ የያፌት ተራ ዛሬ ነበር።"

"አውቃለሁ የኔ እናት። ፈተና ይዞኝ ነው።"

"ትምህርቱን አልጨረሱም እንዴ?"

"ጨርሻለሁ። ይኼ የውጭ ነው። ከየአገሩ የመጡ ቀዶ ሐኪሞች አንድ ላይ የሚፈተኑት ነው፤ ያለፈው ፌሎው ይባላል። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። እስካሁን ኦፕራሲዮን ያደረግሽውን ሰው ሁሉ ዘርዝረሽ ላኪ ይላሉ፤ እሱን ስዘረዝር ኦፕራሲዮን ማድረግ አልቻልኩም። በዚያ ላይ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ የፈረሙበት ገጽ ካልገባ አይመዘግቡኝም። እስከ ረቡዕ ማታ ካልተፈረመልኝ ሐሙስ አዲስ አበባ ሄጄ ከበላይ አስፈርማለሁ።"

"እርስዎ እዚያ ሆነው እብጠቱ አልመለስ ቢልስ?"

ዓይናቸውን ከያፌት ወደ ወረቀታቸው መለሱ። ሐኪም ዓይኑን ሲያሸሽ ደስ አይልም።

"እርስዎ ቁጭ ብለው ይዘርዝሩ፤ ለፊርማው እኔ ልሩጥ" አልኳቸው።

"ማንበብ ትችያለሽ?"

"ስሜንና የልጄን ስም። ሌላውን ቀስ ብዬ።"

"ይበቃል። አጥርተው የሚያነቡትም አልፈረሙልኝም" ብለው ገጿን ሰጡኝ።

እንግዲህ ያዙልኝ። ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም እንደ ልጅ ማልቀስ ተከለከለ።

ያፌትን አዝዬ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ክንዴ ገባሁ። ጠረጴዛቸው ሰፊ ነው፤ ብዕርም ሞልቶበታል፤ ፊርማ የሚያጡ ሰው አይመስሉም።

"ምን ልርዳሽ?"

"ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም ማልቀስ ተከለከለ። እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ ጌታዬ።"

ገጿን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከጀርባዬ ያፌትን አዩ።

"ያለፈው ቀዶ ሐኪማችን ለፈተና ብሎ ሄደ" አሉ። "በረዶ ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ላከልን። ደህና ፎቶ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ሰቅለነው ነበር። ፎቶ ግን ኦፕራሲዮን አያደርግም።"

"እሳቸው ይመለሳሉ።"

"እሱንም ይመለሳል ብለን ነበር። እሷም ከሄደች ያንቺን ልጅ የመሰለ ሁሉ በማን እጅ ይወድቃል? ደመወዝ ያለው ዋስ ታምጣ፤ ያኔ እፈርማለሁ።"

ክፉ ሰው አይደሉም። ትክክል መሆናቸው ነው ያስቸገረኝ።

ያዙልኝ። ዋስ ከሌለ ፊርማ አላርፍ አለ፤ ፊርማ ከሌለ ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም እንደ ልጅ ማልቀስ ተከለከለ።

የዶክተር ትርሲት አጎት አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ ደመላሽ። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ካርታ ሲሰቅሉ ደረስኩባቸው። ተማሪዎቹ ያፌትን አይተው መሳቅ ጀመሩ፤ ያፌትም አፉን ማጣመም ጀመረ፤ እኔም ቆሜ ማጥባት ጀመርኩ። ጋሼ ደመላሽ ፊታቸውን ወደ ካርታው አዞሩ።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉኝ ካርታውን እያዩ።

"ፊርማ አላርፍ አለ፤ ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም ማልቀስ ተከለከለ። ለዶክተር ትርሲት ዋስ ይሁኑልኝ።"

"ለትርሲት? ለትርሲት ነፍሴን አሲዛለሁ።"

"ነፍስ አልጠየቁም ጋሼ። ደመወዝ ነው የጠየቁት።"

ትንሽ አሰቡ። "እሱማ ከነፍሴም ያንሳል" አሉ። "ግን በባዶ እጅ ዋስ መሆን አይቻልም። ደመወዜን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጻፍልኝ። እሱን አምጪ፤ ወዲያው እፈርማለሁ።"

ያዙልኝ። ያለ ደብዳቤ ዋስ አልሆን አለ፤ ያለ ዋስ ፊርማ አላርፍ አለ፤ ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም እንደ ልጅ ማልቀስ ተከለከለ።

ጽሕፈት ቤቱ ስደርስ ጸሐፊው ደብዳቤውን ወዲያው ጽፎ ሰጠኝ። ፈጠነብኝ። ለካስ ማኅተም የለውም።

"ያለ ማኅተም አይሆንም?"

"እህቴ፣ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ሐሜት ነው።"

"ታዲያ ምታበት።"

"ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ወይዘሮ ፈትለወርቅ አንገት ላይ ነው። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ሰፈራቸው ሰው ሞቷል። ድንኳኑ ሐሙስ ሲነሣ ይመጣሉ።"

"ሐሙስ ሐኪሟ ይሄዳሉ።"

"የት?"

ምን ልበለው? "ማኅተም አልወጣ አለ፤ ደብዳቤ አልጸና አለ፤ ዋስ አልሆን አለ፤ ፊርማ አላርፍ አለ፤ ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም ማልቀስ ተከለከለ" አልኩት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለኝ፤ ለቅሶ የደረሰብኝ እኔ ነኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

የዚያን ቀን ማታ ያፌት አንድ ጊዜ አመለጠኝና አለቀሰ። ሎሚዋ ወጣች። አስተኝቼ፣ እግሩን ከፍ አድርጌ፣ እንደተነገረኝ በመዳፌ ደገፍኳት። አልመለስ አለች። ነጠላዬን ለበስኩ፤ ጫማዬን አደረግሁ። በሩን ስከፍት ተመለሰች። ቁጭ አልኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ አነጋሁ።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳኑን ፈልጌ አገኘሁት። ጎን ለጎን በተተከሉ ድንጋዮች ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ወይዘሮ ፈትለወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ ንፍሮ ታማስላለች። ቁልፉ እውነትም አንገቷ ላይ ነው።

"እትዬ፣ ማኅተም አልወጣ አለ፤ ደብዳቤ አልጸና አለ፤ ዋስ አልሆን አለ..."

"ቆይ ቆይ፣ ከመጨረሻው ጀምሪልኝ።"

"ልጄ ማልቀስ ተከለከለ።"

ማማሰያዋን አቆመች። ያፌትን አየችው። "ልጄ፣ ብችል አሁን በሄድኩ። ግን ዛሬ የውኃና የንፍሮ ተራ የኔ ነው። ተራውን ጥሎ የሄደን ዕድር ይቀጣዋል። ባለፈው አንዷ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ የተቀጣችውን እስከ ዛሬ እንስቅባታለን። ዳኛውን ጠይቂያቸው፤ እሳቸው ካሉ እሄዳለሁ።"

የዕድሩ ዳኛ አቶ ጫኔ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፈው ቆመዋል።

"ተተኪ ካለ ትሂድ" አሉ።

"እኔ እተካለሁ።"

"የዕድራችን አባል ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"የሟች ዘመድ ነሽ?"

"ሟችን አላውቃቸውም።"

"ታዲያ በምን አግባብ ነው ውኃ የምትቀጂልን? ደንቡ ተተኪ ከአባል ወይም ከዘመድ ይላል። ዛሬ መንገደኛ ካስገባሁ ነገ ሁሉም ሠራተኛውን ይልክብኛል። ለምንስ ነው እንዲህ የምትጨነቂው?"

በዚህ ጊዜ እንደ ዳዊት ደጋሚ ሆኛለሁ። "ዕድር አልለቅ አለ፤ ባለማኅተሟ አልመጣ አለች፤ ማኅተም አልወጣ አለ፤ ደብዳቤ አልጸና አለ፤ ዋስ አልሆን አለ፤ ፊርማ አላርፍ አለ፤ ፈተና አልመዘግብ አለ፤ ቢላዋ አልቆርጥ አለ፤ እብጠት አልጠፋ አለ፤ ልጄም እንደ ልጅ ማልቀስ ተከለከለ።"

ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ፣ "ይድገሙልን" አሉ፤ እኔን አንቱ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ደገምኩት። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ፈጠን አድርጌ አልኩት፤ ለምጄዋለሁ።

ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ የሟች ሚስት ተቀምጠዋል፤ እትዬ ብርነሽ ናቸው። ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሏል።

"የልጁ እብጠት የት ላይ ነው?" አሉኝ።

"ብሽሽቱ ላይ።"

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። "ወንድይፍራውም ነበረበት" አሉ። ወንድይፍራው የሟች ባላቸው ስም ነው። "ልብስ ሰፊ ነበር። የሰውን ሱሪ ሁሉ ሲያጠብ የራሱን ሰፋ አድርጎ ነበር የሚሰፋው። ለኔ እንኳ አሳይቶኝ አያውቅም። ቅዳሜ ወጣና አልመለስ አለው። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ብንለው፣ ሐኪሟ ሴት ናት፣ በሴት ፊት ሱሪዬን አላወልቅም አለ። እሑድ አረፈ። ሰኞ ቀበርነው።"

እትዬ ብርነሽ ወደ ዳኛው ዞሩ።

"አቶ ጫኔ፣ ይቺ ልጅ ዘመዴ ናት። እንስራውን ስጧት።"

"በየት በኩል ነው ዝምድናው?"

"በብሽሽት በኩል።"

አቶ ጫኔ መሬት መሬት አዩ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅሁም። "ዝምድናው ከታወቀ ደንቡ አይከለክልም" አሉ ዳኛው።

ያፌትን እትዬ ብርነሽ ተቀበሉኝ። እኔ ከቦኖ ውኃ መቅዳት ጀመርኩ። ሁለተኛውን እንስራ ተሸክሜ ስመለስ ከሩቅ አገር የመጡ ለቀስተኞች ደረሱ። ከመንገድ ጀምረው ሲጮኹ ሰማሁ። ያፌት አሁን ይደነግጣል፣ አሁን ያለቅሳል ብዬ ውኃውን እያፈሰስኩ ሮጥኩ። ስደርስ እትዬ ብርነሽ ሌባ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

"ቀስ ብላችሁ አልቅሱ" ይላሉ። "ልጁ እንዳያለቅስ ነው። ሐኪም ከልክሎታል።"

እኔ እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው ደረቱን በጣቱ ጫፍ እየነካ፣ ወንድይፍራውን በሹክሹክታ እየጠራ አለቀሰ። ያፌት መሐል ላይ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ሰው በየተራ ተመለከተ። አላለቀሰም። ከእንስራው ጎን ቆሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ላላየኋቸው ሰው ነው ያለቀስኩት፤ ቀስ ብዬ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ኋላው ተፈታ። እኔ ውኃ ቀዳሁ፤ ዕድር ለቀቀ፤ ባለማኅተሟ ሄደች፤ ማኅተም ወጣ፤ ደብዳቤ ጸና። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ደብዳቤውን ይዛ ስትመለስ እጇ አሁንም ንፍሮ ንፍሮ ይሸታል። ጋሼ ደመላሽ ከረባት አሥረው መጡና ዋስ ሆኑ። አቶ ክንዴ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበቡ።

"ከሄደች በኋላ ካልተመለሰች አንቺን ነው የምይዘው" አሉኝ።

"እኔ ደመወዝ የለኝም ጌታዬ።"

"ለዚህ አይደል አንቺን ያላስፈረምኩሽ" አሉና ፈረሙ።

ዶክተር ትርሲት ገጿን በስልካቸው አንሥተው ሊልኩ ሲሉ ኔትወርክ አልገባ አለ። ይኼን ደግሞ ማንን ሄጄ ልለምን ብዬ ነጠላዬን ሳጣፋ ኔትወርኩ ገባ። ፈተናው መዘገባቸው። ሐሙስ አዲስ አበባ አልሄዱም።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ዕድር ለቀቀ፤ ባለማኅተሟ ሄደች፤ ማኅተም ወጣ፤ ደብዳቤ ጸና፤ ዋስ ተገኘ፤ ፊርማ አረፈ፤ ፈተና መዘገበ፤ ቢላዋ ቆረጠ፤ እብጠት ጠፋ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ትርሲት አረንጓዴ ቆባቸውን እያወለቁ ወጡ።

"አለቀ። በደንብ ተሰፍቷል። ከእንግዲህ ያልቅስ" አሉኝ።

ያፌት ነቃና የት እንዳለ አላወቀም። አፉን አጣመመ። እኔም ጡቴን ለማውጣት እጄን ሰደድኩ፤ ከዚያ እጄን መለስኩ። አለቀሰ። ያጠራቀመውን ሁሉ ነው ያለቀሰው። ኮሪደሩ ተናወጠ። ጥበቃው መጥቶ፣

"እናትየው፣ ልጁን አባብይው እንጂ፤ በሽተኛ ተኝቷል" አለኝ።

"ተፈቅዶለታል" አልኩት።

ብሽሽቱን አየሁ። ፋሻ ብቻ ነው። ሎሚ የለም።

አሁን የቸገረኝን ልንገራችሁ። ያፌት ሲድን ለእትዬ ብርነሽ ላሳያቸው ወስጄው ነበር። ስመው ስመው ሲያበቁ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ልጃቸው ሽባባው ትልቅ ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ በአባቱ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ እየሰፋ ነው። "ሱሪውን ማስፋት ጀምሯል" አሉኝ በጆሮዬ። "እኔ እናቱ ነኝ፤ ከኔ ያፍራል። ሚስቱም አላየችም። አንቺ ዘመድ ነሽ፤ ለአባቱ አርባ ስትመጪ አንቺ ንገሪው።" ዶክተር ትርሲት ደግሞ አርባው እንዳለፈ ለፈተናው ይሄዳሉ። ይመለሳሉ ብዬ አምናለሁ፤ ግን እብጠት ሰው እስኪመለስ አይጠብቅም።

እኔ እሱን በዓይን እንጂ በቃል አላውቀውም። የሰው ሚስት ነኝ፤ በዕድሜም ታናሹ ነኝ። በተዝካር መሐል፣ ያ ሁሉ ሰው እየበላ፣ ለአንድ ጎልማሳ "ሱሪህን ለሴት ሐኪም አውልቅ" ተብሎ ከየት ነው የሚጀመረው? ከያፌት ልጀምር? ከአባቱ ልጀምር? ወይስ እሱን ትቼ ለአቶ ጫኔ ልንገራቸው? እሳቸው በየት በኩል ያገባሻል ይሉኛል። እኔ የያዝኩትን ሰንሰለት ፈትቼ ጨርሻለሁ፤ የተረት ዳቦውም ይቅርብኝ። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትነግሩታላችሁ? ከአርባው በፊት ምከሩኝ።